የአትላንታ ቢልቦርዶች፦ ከመጠን በላይ የወፈሩ ልጆች ወላጆች በአደባባይ የተወቀሱበት ዘመቻ

እ.ኤ.አ. በ2011 በአሜሪካ ጆርጂያ ግዛት፣ በተለይም በአትላንታና በዙሪያዋ፣ የወፍራም ልጆች ፎቶግራፍ በጥቁርና ነጭ የታተመባቸው ትልልቅ ቢልቦርዶች በየመንገዱ ተሰቀሉ። ልጆቹ አይስቁም፤ ፊታቸውን ቋጥረው ተመልካቹን ትክ ብለው ያዩታል። ከሥራቸው «ማስጠንቀቂያ» የሚል ቃል በቀይ ተጽፎ አንድ አጭር ዓረፍተ ነገር ይከተለዋል። አንደኛው «ድንቡሽቡሽ ልጆች ከወላጆቻቸው ቀድመው ሊሞቱ ይችላሉ» ይላል፤ ሌላው «እንዲህ ያደረገኝ የአጥንቴ ትልቅነት ሳይሆን የምግቡ ብዛት ነው»፤ ሌላው ደግሞ «ውፍረትን መከላከል ከቤት ይጀምራል፤ ከቡፌው ሰልፍም» የሚል ነው። ቢልቦርዶቹን ያሰቀለው ችልድረንስ ሄልዝኬር ኦቭ አትላንታ የተባለው ትልቅ የሕፃናት ሕክምና ተቋም ሲሆን፣ ዘመቻው «ስትሮንግ ፎር ላይፍ» በሚለው ስሙ ይታወቃል። መሪ ቃሉም ጆርጂያ ነገሩን ማለባበስ እንድታቆም የሚጠይቅ ነበር።

በወቅቱ የተነሣው ክርክር በአብዛኛው ያተኮረው በልጆቹ ላይ ነው፤ ፎቶግራፎቹ ወፍራም ልጆችን በክፍል ጓደኞቻቸው ዘንድ መሳለቂያ ያደርጓቸዋል ወይስ አያደርጓቸውም በሚለው ጥያቄ ላይ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን ልጅ ቡፌ ከፍሎ አይገባም፣ የወሩን አስቤዛም አይገዛም። በሥዕሉ ላይ የቆመው ልጁ ቢሆንም ጽሑፉ የተጻፈው ለእናቱና ለአባቱ ነው፤ ይህም የጉዳይ ጥናት የሚከታተለው በእነርሱ ላይ የወደቀውን ነቀፌታ ነው።

ተቋሙ ዘመቻውን የጀመረው በክፉ ልብ አልነበረም። ጆርጂያ በልጆች ውፍረት ከሚሲሲፒ ቀጥላ ሁለተኛ ናት ይባል ነበር፤ ከግዛቱ ልጆች 40 በመቶ የሚጠጉት፣ ማለትም አንድ ሚሊዮን ያህሉ፣ ክብደታቸው ከሚገባው በላይ እንደሆነ ተቋሙ ይገልጽ ነበር። ቀድሞ የጎልማሶች በሽታ ተብሎ ይታወቅ የነበረው ዓይነት 2 የስኳር በሽታ፣ እንዲሁም የደም ግፊትና የጉበት ስብ፣ በሕፃናት ሐኪሞች ክፍል ውስጥ የሚታዩ ሕመሞች ሆነው ነበር። ተቋሙ ያስጠናው የሕዝብ አስተያየት ደግሞ ከተጠየቁት ሰዎች ግማሾቹ የልጆችን ውፍረት እንደ ችግር እንደማያዩት፣ ክብደታቸው ከልክ ያለፈ ልጆች ካሏቸው ወላጆች መካከልም 75 በመቶዎቹ የገዛ ልጃቸውን ችግር እንደማያውቁ አሳየ። ለአምስት ዓመት ሥራ 25 ሚሊዮን ዶላር የተመደበውም በዚህ መነሻ ነው። የተቋሙ ኃላፊዎች መከራከሪያ ግልጽ ነበር፦ ለስላሳው ምክር ሰሚ አላገኘም፣ ስለዚህ ሰውን አስደንግጦ የሚያነቃ ነገር ያስፈልጋል።

በሲጋራ ላይ የተካሄዱት ዘመቻዎች በማስደንገጥ ብዙ ሠርተዋል፤ ይህን አንክድም። ነገር ግን ሲጋራ ከአጫሹ ተለይቶ ሊወገዝ የሚችል ዕቃ ነው፤ ፓኬቱን በፎቶ አንሥቶ «ይህ ይገድላል» ማለት ይቻላል። ውፍረት ግን ከልጁ አካል ተለይቶ ፎቶ ሊነሣ አይችልም። በመሆኑም ቢልቦርዱ በሽታውን ለማውገዝ ሲነሣ ያወገዘው ልጁን ሆነ፤ ልጁ ደግሞ ከሰባትና ከስምንት ዓመቱ ላይ ጥፋተኛ ሊባል ስለማይችል ክሱ ወዲያውኑ ወደ ወላጁ ዞረ።

ይህ መዞር በጉልህ የሚታየው ከዘመቻው የቴሌቪዥን ማስታወቂያዎች በአንደኛው ነው። አንድ ወፍራም ልጅና እናቱ ባዶ አዳራሽ ውስጥ ፊት ለፊት ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ልጁ «እማዬ፣ ለምንድን ነው የወፈርኩት?» ብሎ ይጠይቃል። እናቱ መልስ የላትም፤ አንገቷን ትደፋለች። በዚያው ዝምታ ላይ 75 በመቶ የሚለው አኃዝ ይወጣል። ማስታወቂያው ለልጁ ጥያቄ አንድም መልስ አይሰጥም፤ የእናቲቱ አንገት መድፋት ራሱ እንደ መልስ ቀርቧል። አባት በዚህ ወንበር ላይ የለም። አባት የሚነሣው በሌላ ፖስተር ላይ ነው፤ እዚያም ስለ ልጁ «የአባቱን ዓይን፣ ሳቁን፣ ምናልባትም የስኳር በሽታውን ወርሷል» ይላል። ከአባት በደም የሚተላለፍ ውርስ፣ ከእናት በማንኪያ የሚሰጥ ጥፋት የሚል ክፍፍል መሆኑ ነው። አዘጋጆቹ ይህን አስበውበት ያደረጉት አይመስለኝም፤ ይሁን እንጂ የልጅ አካል ለእናት ተጠያቂነት ማስረጃ ተደርጎ የሚቆጠርበት ልማድ ሳይታሰብ የሚሠራው እንዲህ ነው።

አሁን ወደ 75 በመቶው እንመለስ፤ የዘመቻው ሁሉ ምሰሶ እርሱ ነውና። ተቋሙ አኃዙን የተረጎመው እንደ ቸልተኝነት ወይም ሐቁን እንደ መካድ ነው። ሆኖም ሰው የልጁን መጠን የሚለካው በሐኪም ሰንጠረዥ ሳይሆን በዓይኑ ነው፤ ዓይኑም የሚያነጻጽረው ከጎረቤትና ከክፍል ልጆች ጋር ነው። በአሜሪካ ሐኪሞች አሠራር የልጅ ክብደት ከቁመቱ ጋር ተነጻጽሮ፣ በዕድሜና በጾታ ከሚመስሉት ከመቶ 95ኛው ደረጃ ላይ ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ «ከመጠን ያለፈ ውፍረት» ይባላል፤ ደረጃው ግን የተሠላው ካለፉት አሥርት ዓመታት በተሰበሰበ ልኬት ነው። ከአሥር የክፍል ጓደኞቹ አራቱ ክብደታቸው ባለፈበት ትምህርት ቤት ውስጥ ያለ ልጅ በሰንጠረዡ ላይ ታማሚ ቢሆንም በክፍሉ ፎቶግራፍ ላይ እንደ ማንኛውም ልጅ ነው የሚታየው። ይህን ያላየ ወላጅ ልጁን ችላ ብሏል ማለት አይቻልም።

አትላንታ ደግሞ የብዙ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ከተማ ናት፤ በክላርክስተንና በዲካልብ አውራጃ፣ በቡፎርድ ሀይዌይ ዳር ካሉ አፓርትመንቶች ጀምሮ። ለእነዚህ ቤተሰቦች ነገሩ ተጨማሪ መልክ አለው። እ.ኤ.አ. በ2016 በኢትዮጵያ በተካሄደው የሕዝብና የጤና ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 38 በመቶዎቹ የቀነጨሩ ሲሆኑ፣ ከልክ ያለፈ ክብደት ያላቸው 1 በመቶ ያህል ብቻ ነበሩ። ከዚህ አገር የሄደች እናት የተወቀሰችው፣ ወይም እኅቷም ሆነች ጎረቤቷ ስትወቀስ ያየችው፣ ልጅ ስለከሳ ነው። «ምነው ከሳ? አታበይውም እንዴ?» የሚለው ጥያቄ ለቅሶ ቤትም ሆነ ክርስትና ቤት የሚጠብቃት ነበር። ጉንጩ የሞላ ሕፃን ግን «ተመችቶታል» ይባልለታል፤ ዓይን እንዳይገባውም ከሰው ይሸሸጋል። ገንፎው በቅቤ የሚለወሰው፣ ልጁ ጠገብሁ ካለ በኋላ አንድ ጉርሻ የሚጨመርለት፣ ከድህነትና ከሕመም ለማራቅ ነው።

ይህች እናት አትላንታ ላይ የገጠማት ነቀፌታ አቅጣጫው የተገለበጠ እንጂ ከወትሮው ነቀፌታ የተለየ አይደለም። ፊት «አታበላውም» ትባል የነበረችው አሁን «ምን እያበላችው ነው?» ትባላለች፤ በሁለቱም ጊዜ የልጁ አካል የእናቲቱ የሥራ መመዘኛ ሆኖ ይነበባል። ሐኪሙ የዕድገት ሰንጠረዡን ከፍቶ መስመሩ ወደ ላይ መውጣቱን በሚያሳያት ሳምንት አያቱ ከአዲስ አበባ በስልክ ቪዲዮ አይታው «የልጅ ልጄ ከሳብኝ» ልትል ትችላለች። ራሷ ሑዳዴን ስትጾም ለልጆቿ ትምህርት ቤት የለመዱትን የዶሮ ጥብስ ከማቀዝቀዣ አውጥታ የምታሞቀው እናት፣ ወይም ባሏ በሌሊት ፈረቃ ሲሠራ እርሷ በቀን ፈረቃ የምትወጣዋ፣ ቢልቦርዱ የሚናገራትን «የቤት መከላከል» በየትኛው ሰዓቷ እንደምትሠራው ማስታወቂያው አይነግራትም።

ስደተኛ ወላጅን ከእፍረቱ በላይ የሚያስጨንቀው ደግሞ «ልጄን ይወስዱብኛል» የሚለው ስጋት ነው። ስጋቱ በባዶ ሜዳ የበቀለ አይደለም። ቢልቦርዶቹ በተሰቀሉበት በ2011፣ በሐምሌ ወር፣ የቦስተኑ የሕፃናት ሐኪም ዴቪድ ሉድዊግ ከአንዲት የሕግ ባለሙያ ጋር ሆነው በአሜሪካ ሐኪሞች ማኅበር መጽሔት ላይ ባወጡት አስተያየት፣ ለሕይወት በሚያሰጋ ውፍረት ላይ ያለን ልጅ መንግሥት ለጊዜው ከወላጆቹ ወስዶ ማሳደሩ በጥቂት ከባድ ሁኔታዎች ተገቢ ሊሆን እንደሚችል ጻፉ። ከጥቂት ወራት በኋላ በኦሃዮ፣ በክሊቭላንድ አካባቢ፣ ከ200 ፓውንድ ማለትም ከ90 ኪሎ በላይ የሚመዝን የስምንት ዓመት ልጅ ከእናቱ ተወስዶ ለአሳዳጊ ቤተሰብ መሰጠቱ ታወቀ። የአውራጃው ሠራተኞች ከአንድ ዓመት በላይ ከእናቲቱ ጋር እንደሠሩና የሐኪም ትእዛዝ እንዳልተፈጸመ ገለጹ። እናቲቱ በበኩሏ መጣሯን፣ ልጁ ቀንሶ እንደገና መጨመሩን፣ ሌሎች ልጆች ምግብ እንደሚሰጡት ተናገረች። በትምህርቱ ጎበዝ የነበረው ይህ ልጅ በ2012 ወደ እናቱ ተመለሰ። ከታሪኩ ሁሉ ግን ለወላጆች ጎልቶ የሚቀረው አጀማመሩ ነው፤ ጉዳዩ ወደ ባለሥልጣናቱ የደረሰው እናቲቱ ራሷ ልጁ መተንፈስ አስቸግሮት ሆስፒታል በወሰደችው ጊዜ ነበር። ይህን የሰማች ሌላ እናት ቀጠሮ ከመያዟ በፊት ሁለት ጊዜ ብታስብ ማን ይፈርድባታል?

ውንጀላው ከነጭራሹ የተሳሳተ ሆኖ የተገኘበት ጊዜም አለ። በእንግሊዝ ካምብሪጅ ሳዳፍ ፋሩቂና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ1997 ሌፕቲን የሚባለው፣ ለአንጎል የጥጋብን ምልክት የሚያደርሰው ሆርሞን በተፈጥሮ የጎደላቸውን ሁለት ዘመዳሞች ልጆች አገኙ፤ የስምንት ዓመቷ ልጅ 86 ኪሎ ትመዝን ነበር። እነዚህ ልጆች የሚራቡት ሰውነታቸው ምግብ ያልገባለት ያህል ስለሚሰማው ነው፤ ሆርሞኑ በመርፌ ሲሰጣቸው የምግብ ፍላጎታቸው ረገበ። በ2009 ደግሞ ይኸው ቡድን በ16ኛው ክሮሞሶም (በሴል ውስጥ የዘረመል መረጃ በሚሸከመው ክር) ላይ የሚገኝ ቁራጭ የጎደላቸው፣ ከሕፃንነታቸው ጀምረው ክፉኛ የሚወፍሩ ልጆችን ለየ። ከእነዚህ ልጆች አንዳንዶቹ ወላጆቻቸው ሆን ብለው አለመጠን ያበሏቸዋል ተብሎ ስለታሰበ በማኅበራዊ አገልግሎት ቢሮ መዝገብ ላይ «አደጋ ያንዣበበባቸው» ተብለው ሰፍረው ነበር። ውጤቱ ሲታወቅ ከመዝገቡ ተሰረዙ። እንዲህ ያሉ ነጠላ የዘረመል ጉድለቶች እምብዛም አያጋጥሙም፤ የአብዛኛው ልጅ ውፍረት በእነርሱ አይተነተንም። ነገር ግን በጉዲፈቻ ልጆችና በመንትዮች ላይ የተካሄዱ ጥናቶች በተራውም ውፍረት የዘረመል ድርሻ ከፍተኛ መሆኑን ደጋግመው አሳይተዋል። አንድ ማዕድ ላይ ካደጉ ወንድማማቾች አንዱ ቀጭን ሌላው ወፍራም የሚሆንበት ቤት በየሰፈሩ አለ፤ የቀጭኑን ልጅ አስተዳደግ ማንም ለእናቲቱ አያመሰግንላትም።

ቢልቦርዱ የጠራው ወላጁን ብቻ መሆኑ በከተማዋ መልክዓ ምድር ላይ ሲታይ ይበልጥ ይገርማል። አትላንታ ኮካ ኮላ እ.ኤ.አ. በ1886 የተፈለሰፈባትና ዋና መሥሪያ ቤቱ እስከ ዛሬ የሚገኝባት ከተማ ናት። የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በ2008 ባወጣው ዘገባ መሠረት 44 የምግብና የመጠጥ ኩባንያዎች በ2006 ብቻ ምርታቸውን ለልጆችና ለወጣቶች ለማስተዋወቅ 1.6 ቢሊዮን ዶላር ያህል አውጥተዋል፤ ከዚህም ትልቁን ድርሻ የያዙት ለስላሳ መጠጦች ነበሩ። በዚህ ፊት የሆስፒታሉ የአምስት ዓመት 25 ሚሊዮን እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ቡፎርድ ሀይዌይም ብዙ ስደተኛ ቤተሰብ የሚኖርበት፣ ሰፊና መኪና የሚከንፍበት፣ ለረጅም ጊዜ በአብዛኛው የእግረኛ መንገድ ያልተሠራለት፣ እግረኞች በመኪና የሚገጩበት ጎዳና ተብሎ የታወቀ ነው። ልጅዋን ወደ ውጭ አውጥታ እንድታጫውት የምትመከር እናት የምታወጣው ወደዚህ ነው። ማስታወቂያው እነዚህን ሁሉ አልፎ ማንኪያ የያዘውን እጅ ብቻ አሳየ፤ ፎቶ ለማንሣት የሚቀልለው እርሱ ስለሆነ ሳይሆን አይቀርም።

ተቃውሞው ፈጥኖ መጣ። በ2012 መጀመሪያ ሬገን ቻስቴይን የተባለች ስለ ወፍራም ሰዎች መብት የምትጽፍ ሴት ባስተባበረችው ጥሪ በስምንት ቀን ውስጥ ከ20 ሺህ ዶላር በላይ ተዋጥቶ፣ ሁሉንም ልጆች መደገፍን የሚጠይቅ ሌላ ቢልቦርድ በዚያው በአትላንታ ተሰቀለ። ብዙ ሐኪሞችና የሥነ ልቦና ባለሙያዎችም ዘመቻውን ነቀፉ። የተቋሙ ሰዎች ግን ሰው ስለ ጉዳዩ መነጋገር መጀመሩን እንደ ድል ቆጠሩት፤ መነጋገር ከተባለ በእርግጥም ብዙ ተወራ።

ጠንካራው መልስ የመጣው ከጥናት ነው። በዬል ዩኒቨርሲቲ የነበረችው ሬቤካ ፑልና ባልደረቦቿ ስለ ውፍረት የተሠሩ የተለያዩ ዘመቻዎችን መልእክት 1,014 ለሚሆኑ አሜሪካውያን አቅርበው ምን እንደተሰማቸው ጠየቋቸው። በአደባባይ አዋራጅ ተብለው የተነቀፉት መልእክቶች እጅግ ዝቅተኛውን ግምት ከማግኘታቸውም በላይ ሰዎች እንፈጽማቸዋለን ያሏቸው በትንሹ ነበር። የተሻለ ያነሣሡት አትክልትና ፍራፍሬ መጨመርን የመሰለ ሊደረግ የሚችል ነገር የሚናገሩት ሲሆኑ፣ እነርሱም ውፍረት የሚለውን ቃል ጨርሶ አይጠሩም ነበር።

ከዚህም የሚከነክን ግኝት አለ። ኤሪክ ሮቢንሰንና አንጀሊና ሱቲን የአውስትራሊያ፣ ቀጥሎም የአየርላንድ ልጆችን ለዓመታት የተከታተለ መረጃ መርምረው፣ ወላጆቻቸው «ወፍራም ነው» ብለው የለዩዋቸው ልጆች ካልለዩዋቸው ይልቅ በቀጣዮቹ ዓመታት የበለጠ ክብደት መጨመራቸውን አገኙ። ልጁ ራሱን ወፍራም ነኝ ብሎ ማየቱና ለመቀነስ መሞከሩ ከጭማሪው ጋር የተያያዘ ሆኖ ተገኘ። ይህ ዓይነቱ ጥናት አብሮ መገኘትን እንጂ መንሥኤን አያረጋግጥም። ቢሆንም የ75 በመቶው ወላጅ ዓይን ቢከፈት ልጁ ይድናል የሚለው የዘመቻው መሠረታዊ ሐሳብ በማስረጃ የቆመ እንዳልነበረ ያመለክታል። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚም በ2017 ባወጣው መግለጫ፣ በክብደት ምክንያት መዋረድ ልጆችን ወደ ስሜታዊ አበላል፣ ከእንቅስቃሴ ወደ መሸሽና ከሕክምና ወደ መራቅ እንደሚገፋ ገልጾ፣ ሐኪሞች ንግግራቸውንና የክሊኒካቸውን አቀባበል እንዲያርሙ ጠየቀ።

ዘመቻው ራሱ በአንድ ጊዜ አልተለወጠም። በ2012 የወጣው ቀጣዩ ፊልም አንድ 300 ፓውንድ የሚመዝን የ32 ዓመት ሰው በድንገተኛ የልብ ሕመም (ሃርት አታክ) ሆስፒታል ሲገባ ያሳይና ሕይወቱን ወደ ኋላ እያጠነጠነ ሄዶ ሄዶ፣ እናቱ ለሕፃኑ የድንች ጥብስ የምትሰጥበት ወጥ ቤት ላይ ይቆማል። ቋንቋው ለስልሷል፣ ተከሳሿ ግን ያችው ናት። ከዚያ በኋላ ሥራው የሕፃናት ሐኪሞችን ከወላጅ ጋር ያለ ወቀሳ መነጋገርን ወደ ማሠልጠን፣ ለወላጆችም የምግብና የእንቅልፍ ምክር ወደ መስጠት አዘነበለ፤ ዛሬ በዚያው ስም የሚቀርበው ትምህርት የልጆችን የስሜት ጤንነትም ይጨምራል።

በጥር 2023 የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚው ያወጣው የሕክምና መመሪያ ደግሞ ውፍረትን ዘረመል፣ አካባቢና ኑሮ የሚፈራረቁበት ሥር የሰደደ በሽታ ብሎ ሲፈርጀው ከወላጅ ጫንቃ ላይ ብዙ ሸክም አውርዷል። ያው መመሪያ ቤተሰቡን ሁሉ የሚያሳትፍ፣ ከሦስት እስከ አሥራ ሁለት ወር ባለ ጊዜ ውስጥ ቢያንስ 26 ሰዓት ፊት ለፊት የሚሰጥ ምክርና ሥልጠናን እንደ ዋና ሕክምና ያቀርባል። ጥቅሙ በማስረጃ የተደገፈ ነው። በፈረቃ ለምትሠራ፣ በሰዓት ለምትከፈል እናት ግን 26 ሰዓት ማለት ከደመወዝ የሚቆረጥ፣ ከአለቃ የሚለመን፣ አስተርጓሚ የሚፈለግለት ጊዜ ነው፤ ያልመጣችበት ቀጠሮም በልጇ ፋይል ላይ «አልተገኙም» ተብሎ ይጻፋል። የኦሃዮው ልጅ ከቤቱ ሲወሰድ በእናቱ ላይ የቀረበው ክስ የሐኪም ትእዛዝ አልተፈጸመም የሚል ነበርና፣ ሕክምናውን የሚሰጡት ክሊኒኮች ማታና ቅዳሜ መክፈታቸው፣ በወላጆቹ ቋንቋ የሚናገር ሰው ማስቀመጣቸው፣ ያመለጠን ቀጠሮ ከመመዝገባቸው በፊት ደውለው ምክንያቱን መጠየቃቸው በመመሪያው ውስጥ ካሉት መድኃኒቶች ያላነሰ ክብደት ሊሰጠው የሚገባ ጉዳይ ነው።